ቦታው ይቀዳል፤ ቁጥሩ ይለካል

(በምሩቃን መሰባሰቢያ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሕክምና አንድ ሰው ይናገር» ብሎ ሲጋብዘኝ ስለ ስኳርና ስለ ኮሌስትሮል እንድመክራችሁ ታስቦ እንደነበር አውቃለሁ። ዕድሜያችንም ምክሩ የሚያስፈልግበት ደርሷል። ዛሬ ጠዋት በየባቹ ፎቶ ስንነሣ ሆዱን ወደ ውስጥ ያልሳበ ወንድ አላየሁም። ይሁን እንጂ እኔ የመጣሁት ስለ መለካት ላወራችሁ ነው። አንድን ልኬት ደግሞ በመለካትና አንድን ልኬት በመገልበጥ መካከል ስላለው ልዩነት ማለቴ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሰው ሲሞትበትና ሲድንበት ስላየሁ ግን ትንሽ ነው ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

«ኮፒ» የሚለው ቃል በግቢያችን ጥሩ ስም እንዳልነበረው ታስታውሳላችሁ። ከባች ወደ ባች እንደ ርስት የሚወርድ የላብ ሪፖርት ነበር። አንድ የኬሚስትሪ መምህራችን፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ «አርባ ተማሪ በአርባ ቢሬት ለክቶ እስከ ሁለተኛው ዴሲማል ድረስ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ ከመጣ፣ ወይ ተአምር ነው ወይ ኮፒ ነው፤ ተአምር ደግሞ በዚህ ላብ ውስጥ ሲፈጸም አይቼ አላውቅም» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ስቀን አለፍን። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ከሰማኋቸው ትምህርቶች ትልቁ ከነበሩት አንዱ ነው።

የዛሬውን ሐሳቤን ያገኘሁት ደግሞ ከሕክምና ውጭ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከዚሁ ግቢ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቆ በደቡብ ጀርመን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሥራው የመለኪያ ማሽን ፕሮግራም መጻፍ ነው። አምና ልጠይቀው በሄድኩበት ጊዜ ፋብሪካው ለሠራተኞች ቤተሰብ ክፍት የሚሆንበት ቀን ነበርና ይዞኝ ገባ። እኔም እንደ ሐኪም ልማዴ «ይህ ምንድን ነው? ያ ለምንድን ነው?» እያልኩ ቀኑን ሙሉ አደከምኩት።

ማሽኑ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ሲኤምኤም» ይባላል። የሦስት አቅጣጫ መለኪያ ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ከባድ የግራናይት ጠረጴዛ አለው። ከጠረጴዛው በላይ ድልድይ የመሰለ አካል አለ፤ እሱ የተሸከመው ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። በክንዱ ጫፍ ቀጭን ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ደግሞ ከሩቢ የተሠራች ትንሽ ቀይ ኳስ አለች። ኳሷ የሚለካውን ዕቃ ነካ ስታደርግ ማሽኑ የተነካውን ቦታ በሦስት ቁጥር ይመዘግባል። የሚናገረው በማይክሮን ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን ካሰባችሁ ጥንቃቄው ይገባችኋል።

የማሽኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. ወደ 1950ዎቹ፣ በስኮትላንድ ወደነበረው ፌራንቲ የተባለ ኩባንያ ይመለሳል። ዕቃውን ነካ ስታደርግ ምልክት የምትሰጠዋን መንኪያ የፈለሰፈው ደግሞ ዴቪድ ማክመርትሪ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሮልስ ሮይስ ውስጥ ሲሠራ፣ ለኮንኮርድ አውሮፕላን ሞተር የሚሆኑ ቀጫጭን የነዳጅ ቱቦዎችን መለካት አስቸግሮ ስለነበር ነው ያንን ያበጀው። እኛም ሐኪሞች ሳናውቀው ከማሽኑ ጋር እንገናኛለን። በሰው ዳሌ ውስጥ የሚተከለው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ምን ያህል እንደተፋቀ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ በዚህ ማሽን መለካት ነው።

ወንድሜ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፕሮግራሙን አሳየኝ። እያንዳንዱ የመለኪያ ነጥብ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። አንደኛው «መሆን የሚገባው» ነው፤ ይህ ከንድፉ ይመጣል። ሁለተኛው «የተገኘው» ነው፤ ይህ ኳሷ ዕቃውን ከነካች በኋላ የሚታወቅ ነው። የሁለቱ ልዩነት ነው የዕቃውን ጤና የሚናገረው።

ከፊታችን የነበረው ዕቃ በክብ ዙሪያው 12 ቀዳዳ ያለው ብረት ነበር። ወንድሜ የአንዱን ቀዳዳ ነጥቦች ብቻ ጻፈ፤ ኳሷ ከየት እንደምትነሣ፣ በየት አቅጣጫ እንደምትጠጋ፣ የት እንደምትነካ። ከዚያ ኮፒ አደረገና «በ30 ዲግሪ እያዞርክ 11 ጊዜ ድገም» ብሎ አዘዘው። በአንድ ጊዜ 12ቱም ቀዳዳዎች በስክሪኑ ላይ ወጡ። እኔም «በቃ! አንዱን ለክተህ ሌላውን ገለበጥክ ማለት ነው?» አልኩት። ሳቀና «እታለም፣ የገለበጥኩት እኮ ትእዛዙን ነው። ልኬቱን አልገለበጥኩም። ኳሷ አሁንም 12ቱንም ቀዳዳ ሄዳ መንካት አለባት። ያልነካችውን እኔ አላውቅም» አለኝ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ይዤ ነው የተመለስኩት። የሚቀዳው ቦታውና አካሄዱ ነው፤ ቁጥሩ ግን በየጊዜው መለካት አለበት።

ኮፒው በደንብ ካልተሠራ ምን እንደሚመጣም ነገረኝ። ሁለቱን ልንገራችሁ፤ ሁለቱንም ሆስፒታል ውስጥ ታገኟቸዋላችሁና።

የመጀመሪያው፣ ነጥቡን ገልብጦ ቦታውን ሳይቀይሩ መተው ነው። ኳሷ አንዱኑ ቦታ ሁለት ጊዜ ትነካለች። በሪፖርቱ ላይ ሁለት ነጥብ ይታያል፤ የታወቀው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። አንድን ጠፍጣፋ ገጽ ለመወሰን ቢያንስ ሦስት ነጥብ ያስፈልጋል፤ እንደ ሦስት ጉልቻ ማለት ነው። ሦስተኛውን ጉልቻ ከሁለተኛው ላይ ደርባችሁ ብታስቀምጡት ድንጋዩ ሲቆጠር ሦስት ነው፤ ድስቱ ግን ይገለበጣል።

ሁለተኛው ስውር ነው። ነጥቡ ተገልብጦ ስሙም ቦታውም ይቀየራል፤ ውጤቱን የሚያወጣው መስመር ግን አሁንም የሚጠራው የመጀመሪያውን ነጥብ ነው። ያኔ አምስተኛው ቀዳዳ ተበላሽቶም ቢሆን ሪፖርቱ የአንደኛውን ደህንነት እየደገመ ያነባል። ወረቀቱ ንጹህ ነው፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ዕቃው ወደ ደንበኛው ይሄዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ እኔ ሠፈር ልመለስ።

በሕክምናም መልካም ቅጂ አለ። ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የሚባለው ሩሲያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 በክንድ መጠቅለያውና በማዳመጫው የደም ግፊት እንዴት እንደሚለካ ካሳየ ወዲህ ዓለም ሁሉ አካሄዱን ቀድቶታል። በሽተኛው አምስት ደቂቃ ይረፍ፤ ጀርባውን ይደገፍ፤ እግሩን መሬት ያስረግጥ፣ አያነባብር፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ይሁን፤ መጠቅለያው በክንዱ ልክ ይሁን፤ ሲለካ አያውራ። ከአንድና ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካና አማካዩ ይወሰድ። ይህ ሁሉ ኮፒ ነው። ጎንደርም ተለካ ጅማ፣ ጠዋትም ተለካ ማታ፣ አካሄዱ አንድ ሲሆን ነው ቁጥሮቹን ማወዳደር የምንችለው። የዓለም ጤና ድርጅት «ስቴፕስ» በሚባለው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችንም በተካሄደው፣ የአንድ ሰው ግፊት ሦስት ጊዜ እንዲለካና የኋለኞቹ ሁለቱ አማካይ እንዲወሰድ የሚያዘው ለዚህ ነው።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎቻችን የሚሠሩበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያም እንዲሁ ነው። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ እንደገና ቁጠር ይላል። የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል አንድ ቆጠራ አይታመንም። ሁለተኛውም ቆጠራ 60 ከደረሰ ግን ያ ሕፃን በቶሎ መታከም አለበት።

ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምናየው የሕፃናት የእድገት ሠንጠረዥም የተሠራው በድርብ ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በስድስት አገሮች በተካሄደው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ እያንዳንዱን ልጅ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ለክተው ነበር ቁጥራቸውን የሚያስተያዩት። በክብደት ከ100 ግራም፣ በቁመት ከ7 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ ሁለቱም እንደገና ይለካሉ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውን ተረታችንን ሳይሰሙ ሠሩበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሁለት ልኬት ስለተስማማ ብቻ እውነት አይሆንም። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ መጠቅለያ አስራችሁ አሥር ጊዜ ብትለኩ፣ አሥሩም ከእውነተኛው ግፊት ከፍ ብሎ ይመጣል፤ እርስ በርሱም ይስማማል። ይህ የወንድሜ የመጀመሪያው ስሕተት ወንድም ነው፤ ነጥቡ ሲቆጠር ብዙ፣ የተነካው ቦታ ግን አንድ። የእነሱ ማሽን ልኩ በታወቀ ኳስ ላይ በየጊዜው ራሱን የሚፈትነው ለዚህ ነው። የእኛ የግፊት መለኪያዎችስ መጨረሻ የተፈተኑት መቼ ነው? ሆስፒታል የምታስተዳድሩ ምሩቃን እዚህ አላችሁ፤ ጥያቄውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ክፉው ቅጂ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ አጥንት ክፍል የተኛ በሽተኛ እንዳይ ተጠራሁ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የቀን ሠራተኛ፤ ከሕንፃ መወጣጫ ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል። የጠሩኝ ለሌላ ጉዳይ፣ ለስኳር ምርመራው ነበር። ቻርቱን ከፈትኩ። ትንፋሽ፦ 20። ከአራት ሰዓት በኋላ 20። ከዚያም 20፣ 20፣ 20፣ 20። የልብ ምቱም እንዲሁ፣ ስድስት ጊዜ 80። ለሚያየው ሰው የጤነኛ ሰው ቻርት ነው።

እናቱ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ትንፋሹን እዪልኝ። ሌሊቱን እንደ ሯጭ ሲተነፍስ ነው ያደረው» አሉኝ። ሰዓቴን አውጥቼ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 36። ምቱ 128። ከተሰበረው እግር የተነሣ የረጋ ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ነበር። ኦክስጅኑም መድኃኒቱም በጊዜ ደረሰለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በክራንች ወጣ፤ እናቱም ጉልበቴን ካልሳምኩ ብለው አስቸገሩኝ። እኔ ግን የዚያን ቀን የማስበው እናት የሌላቸውን፣ አስታማሚ የሌላቸውን በሽተኞች ነበር። እነሱ ዘንድ ማን ይቆጥራል?

ወደ ነርሷ ጣት እንድትቀስሩ አይደለም የምነግራችሁ። ያን ሌሊት ለ32 በሽተኛ አንዲት ሲስተር ነበረች። አስሉት። ትንፋሽ፣ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀት በአግባቡ ለመለካት ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ቢወስድ፣ ለ32ቱ 160 ደቂቃ ነው። በየአራት ሰዓቱ ይለካ ስለተባለ፣ ከየአራት ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃው በዚህ ያልቃል። መርፌው፣ ግሉኮሱ፣ ቁስሉ፣ አዲስ ገቢው በቀረው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው የሚሠራው። በማግስቱ ደግሞ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ተቆጣጣሪው የሚያየው ሣጥኖቹ መሞላታቸውን ነው። ባዶ ሣጥን ያስጠይቃል፤ የተገለበጠ 20 ግን ማንንም አስጠይቆ አያውቅም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሐሰት የሚጽፈው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ የደከመ ደግ ሰውም ይጽፋል።

የተገለበጠ ቁጥር ከባዶ ሣጥን ይከፋል፤ በዚህ አልጠራጠርም። ባዶው «ኑና ለኩ» ይላል። የተገለበጠው ግን «ተለክቷል፣ እለፉ» ይላል። እኛ ሐኪሞች ደግሞ የምንፈልገው አንዱን ቁጥር ሳይሆን አዝማሚያውን ነው፤ ወጣ ወይስ ወረደ? ስድስት ጊዜ የተጻፈ 20 ስድስት ነጥብ አይደለም፤ አንድ ነጥብ ነው፤ እሱም መጀመሪያውኑ ተለክቶ ከሆነ። ጉልቻው ስድስት ይመስላል፣ ድስቱ ግን በአንድ ድንጋይ ላይ ነው።

ማታለሉ ሁልጊዜ ሙሉ ቅጂም አይደለም። በሜርኩሪ የግፊት መለኪያ ላይ መስመሮቹ በሁለት በሁለት የተሠመሩ ናቸው። ስለዚህ በጥንቃቄ ከተነበበ በዜሮ የሚያልቀው ቁጥር ከአምስት አንድ ገደማ መሆን አለበት። የክፍላችሁን መዝገብ ገልጣችሁ ቁጠሩት። 120፣ 130፣ 140፣ 110 ብቻ ከሆነ፣ የበሽተኞቹ ደም ለዜሮ ልዩ ፍቅር ኖሮት አይደለም።

አሁን ደግሞ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ደስ ይላል፤ የእጅ ጽሑፋችንን የሚያውቁ ፋርማሲስቶች ከሁሉ በላይ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ኮምፒውተር ኮፒ ማድረግን ከምንጊዜውም በላይ ያቀልላል። የትናንቱ ምርመራ በአንድ ጠቅታ የዛሬ ይሆናል። ለዚህ ነው የወንድሜን ማሽን ያስቀናኝ። እዚያ ፕሮግራሙ ሲገለበጥ «የተገኘው» የሚለው ቦታ የሚሞላው ኳሷ ከነካች በኋላ ነው። ሰው ካሰበበት ያንንም ማሽን ማታለል ይችላል፤ አንድን ደህና ዕቃ አምስት ጊዜ ለክቶ አምስት ዕቃ ነው ሊል ይችላል። ቢሆንም መንገዱ ሐሰቱን አያቀልለትም። የእኛ መንገድ ግን እያቀለለው ነው።

ስለዚህ ሦስት ልመና አለኝ።

የሶፍትዌር ምሩቃን፣ የሆስፒታል መዝገብ የምትሠሩ ልጆች፦ ቦታውን አስቀዱን፣ ቁጥሩን አታስቀዱን። ትናንት በቀኝ ክንድ፣ ተቀምጦ፣ በትልቁ መጠቅለያ ተለክቶ ከሆነ ያንን ለዛሬ አቅርቡልን፤ እጅግ ይጠቅማል። የዛሬው ቁጥር ያለበትን ሣጥን ግን ባዶ አድርጋችሁ ስጡን። የትናንቱ ቁጥር የግድ መታየት ካለበት ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ በሌላ ቀለም ይታይ።

የምታስተዳድሩ ሰዎች፦ «አልተለካም» ብሎ መጻፍ የማያስቀጣ ነገር ይሁን። ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ «አልተለካም፤ አንድ ነርስ፣ 32 በሽተኛ» ተብሎ። ያ ጽሑፍ ሲደጋገም ሰው መቅጠር እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ምርጥ ልኬት እሱ ነው። በ20 ከሸፈናችሁት ግን ችግሩን ራሳችሁም አታዩትም።

ሐኪሞች፣ የሙያ ጓደኞቼ፦ ራውንድ ላይ ቢያንስ የአንድ በሽተኛ ትንፋሽ በገዛ ሰዓታችን እንቁጠር፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ሬዚደንቱም ኢንተርኑም እያየ። ተማሪ የሚቀዳው የምንለውን ሳይሆን የምናደርገውን ነው። መቀዳታችን ካልቀረ አካሄዳችን ይቀዳ። አስታማሚ «ልክ አይደለም» ሲለን ደግሞ ያ ራሱ ሁለተኛ ልኬት መሆኑን አንርሳ። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ የነበረችው እናቱ ናት።

መምህራችን በዚያ ላብ ውስጥ ይጠይቁን የነበረው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነበር። ተማሪ ሆነን ነጥብ ያስቀንሰን ነበር፤ ዛሬ የሚቀነሰው ነጥብ አይደለም።

ብዙ አስቆምኳችሁ፤ ምሳውም ሸተተኝ። ከምሳ በኋላ የእኛ ባች ሐኪሞች በአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛ ዘርግተን ግፊት እንለካለን። አምስት ደቂቃ ትቀመጣላችሁ፣ ዝም ትላላችሁ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ትለካላችሁ። «የትናንቱን ጻፉልኝ» የሚል ቢመጣ እንኳን መሐንዲስ ፕሮፌሰርም ቢሆን አንቀበልም።

ያሳደገንን ግቢ እግዚአብሔር ይባርክልን፤ ለከርሞም በሰላም፣ በጤና ያገናኘን።